እንግዳና ጠበቃ

እንግዳ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት መልክ አለው። ለቤት ባለቤት እንግዳ ማለት እግሩ የሚታጠብለት፣ ከመሶቡ ራስጌ የሚቀመጥ፣ መደብ የሚለቀቅለት ሰው ነው። ለዳኛ ግን እንግዳ ማለት ዋስ የሌለው ሰው ነው። በጥንቱ የሙግት ሥርዓታችን ከሳሽም ተከሳሽም ዋስ ሳይጠራ ነገሩ አይሰማለትም ነበርና፣ ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ አልባ ሰው በችሎት ፊት ቆሞ «ዋስህ ማነው?» በተባለ ጊዜ መልሱ ምን ሊሆን ይችላል? የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በሕግ አምላክ!» ብሎ መጮህ። ይህ ጩኸት አላፊ አግዳሚውን ሁሉ የሚያቆም ስለ ነበረ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ለጊዜው ሕግን ራሱን ዘመድ ያደርግ ነበር ማለት ነው።

ጠበቃ የሚለውም ስም ጠበቀ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በግ የሚጠብቅ ከብቱን፣ ዘበኛ ግቢውን እንደሚጠብቅ፣ ጠበቃም የሰውን ነገር ይጠብቃል። ከብቱ ከበረት ቢወጣ እረኛ ተከትሎ ይሄዳል፤ ባለጉዳዩ ከአገር በወጣ ጊዜ ግን ጠበቃ ተከትሎ ሊሄድ አይችልም። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ ልነግርህ ያሰብሁት ይህንኑ ነው፤ ይኸውም መንግሥት «ይህ የአገሬ ሰው ነው፤ ያኛው የውጭ ሰው ነው» ብሎ የሚለይበትን ሕግ በለወጠ ቁጥር በጠበቃና በባለጉዳይ መካከል የሚሆነውን ነገር ነው።

እኔ የምኖረው በአዲስ አበባ በኦሎምፒያ ሰፈር ነው። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ካዛንቺስ በኩል በእግሩ ለሚሄድ ሰው የአፍሪካ አዳራሽ ሩቅ አይደለም። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚህ ከተማ ተመሠረተ፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ የድርጅቱ አባል መንግሥታት እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ስለ ስደተኞች አንድ ስምምነት ፈረሙ። ይህ ስምምነት ስደተኛ የሚለውን ስም አሰፋው። ቀድሞ በዓለም ዘንድ ስደተኛ የሚባለው በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ወይም በፖለቲካ አሳቡ ስደት የሚያሰጋው ሰው ሲሆን፣ የአዲስ አበባው ስምምነት ከጦርነት፣ ከባዕድ ወረራና ጸጥታን በብርቱ ከሚያናጋ ሁከት የሸሸውንም ጨመረ። ደግሞም ጥገኝነት መስጠት የሰላምና የሰብአዊነት ተግባር እንጂ ሌላውን መንግሥት የሚያስቀይም ጠላትነት አለመሆኑን በግልጽ ደነገገ። በጊዜው ይህን ያህል የሰፋ ስምምነት በሌላው ክፍለ ዓለም አልነበረምና ልንኮራበት ይገባናል። ነገር ግን ስለ ስደተኛ የሚናገር ሕግ መልካም የሆነለት ከተማ፣ ስለ ዜጋ የሚናገረው ሕግ ሲናወጥ የሚያየውን ነገር ደግሞ አይቶአል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ኋላ እንመለስ።

በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ውል አደረጉ። ውሉ በፈረንሳዩ መልእክተኛ ስም የክሎቡኮውስኪ ውል ይባላል። ሰባተኛው አንቀጽ እንደሚለው የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪተካከል ድረስ፣ ፈረንሳውያንና በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው በተካሰሱ ጊዜ የሚዳኙት በራሳቸው ቆንሲል ነው። ክርክሩ ከኢትዮጵያዊ ጋር የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ዳኛ ከቆንሲሉ ጋር ተቀምጦ ይፈርዳል፤ ፍርዱም የሚሰጠው በተከሳሹ አገር ሕግ ነው። ሌሎችም መንግሥታት «ለፈረንሳይ የተፈቀደው ለእኛም ይገባናል» አሉ። ከዚያም በኋላ ለዚህ ዓይነት ክርክር በአዲስ አበባ ልዩ ፍርድ ቤት ተቋቋመ።

እስቲ ይህን በአንድ ነጋዴ ዓይን እንመልከተው። አንድ የአገር ተወላጅ ነጋዴ ለአንድ የውጭ ነጋዴ ቆዳ ወይም ቡና በዱቤ ሸጦ ገንዘቡን ቢከለከል፣ ከሳሹ እርሱ ተከሳሹም የውጭ ሰው ስለ ሆነ፣ ሙግቱ በማያውቀው ቋንቋ በተጻፈ ሕግ ይሄድበታል። የእርሱ ነገረ ፈጅ ፍትሐ ነገሥቱን ቢያነብ፣ የአገሩን ሥርዓት ቢያውቅ፣ አንደበቱ እንደ ጅረት ቢፈስ ጥቅም የለውም። ዋናው ጥያቄም «ነገሩ እውነት ነው ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ሰውየው የማን ነው?» ሆነ። ስለዚህ በማን ጥበቃ ሥር መሆንን የሚያሳይ ወረቀት ከመሬት ይበልጥ የሚፈለግ ሀብት ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ውል እንደ ውርደት ብቻ ይቈጥሩታል፤ እኔ ግን ሌላም ነገር ያደረገ ይመስለኛል። «ሕጋችሁ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪተካከል ድረስ» የሚለው ቃል በነገሥታቱ ጎን እንደ እሾህ ተተክሎ ሕግ የመጻፍን ትጋት ቀስቅሶአል።

ከዚህም በኋላ ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ሁሉ፣ በአገር ውስጥም ቢወለድ በውጭ አገር፣ ኢትዮጵያዊ ነው። የውጭ ሰው ኢትዮጵያዊ ለመሆን ቢፈልግ ዕድሜው ለአካለ መጠን የደረሰ፣ በአገሪቱ 5 ዓመት የኖረ፣ ራሱንና ቤተ ሰቡን በሥራው የሚያስተዳድር፣ ወንጀል የሌለበትና አማርኛን አጥርቶ የሚናገርና የሚጽፍ መሆን አለበት። (ይህ የመጨረሻው ፈተና ዛሬ ለእኛ ለተወላጆቹ ቢቀርብ ስንቶቻችን እንደምናልፍ እግዚአብሔር ይወቅ።) በሌላ በኩል የሌላ አገር ዜግነት የተቀበለ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል፤ የውጭ ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊትም የባልዋ አገር ሕግ የእርሱን ዜግነት የሚሰጣት እንደ ሆነ የራስዋን ታጣለች። ጋብቻ ዜግነትን እንደማያስቀር የተደነገገው በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት በ33ኛው አንቀጽ ነው። ይኸው አንቀጽ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይገፈፍ ይናገራል። ይህን ቃል ልብ አድርገህ ያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 390 የውጭ አገር ሰው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን እንደማይችል ወሰነ። በቁጥር 391 ግን ርኅራኄ ጨመረበት፤ በቅን ልቡና ባለቤት ሆኖ የተገኘ የውጭ ሰው ንብረቱን እንዲሸጥ 6 ወር ጊዜ ሰጠው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ለብዙ ዓመታት በመጽሐፉ ውስጥ ተኝተው ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። የሕግ ተማሪ ለፈተና ያጠናቸው ይሆናል እንጂ፣ በሰፈር ውስጥ ጎረቤቱን አይቶ «ይህ ሰው ቁጥር 390 ይመለከተዋል» የሚል አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ደርሻለሁ።

ኤርትራ በመስከረም ወር 1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ተዋሐደች፤ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አንድ ግዛት ሆነች። በእነዚህ ዓመታት ከአሥመራ፣ ከከረንና ከአካለ ጉዛይ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ሰው ከአንዱ ጠቅላይ ግዛት ወደ ሌላው እንደሚሄድ ሰው እንጂ እንደ እንግዳ አልተቈጠረም። ነገደ፣ ተማረ፣ በመሥሪያ ቤት ተቀጠረ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ቤት ሠራ። ከዚያ ረጅሙ ጦርነት ካለፈ በኋላ ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ስለ ኤርትራ ነጻነት የሕዝብ ውሳኔ ተደረገ። በኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ 66 ሺህ ያህል ሰዎች ድምፅ ለመስጠት ተመዘገቡ። ለመመዝገብም አስቀድሞ ኤርትራዊነትን የሚያሳይ መታወቂያ ማግኘት ግድ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያን ጊዜ አልተቃወመም፤ ውሳኔውንም ከማንም ቀድሞ ከተቀበሉት አንዱ ነበር። ሰዎቹም ድምፃቸውን ሰጥተው በማግሥቱ ወደ ሥራቸው ገቡ፤ የኢትዮጵያን ፓስፖርት ይዘው ተጓዙ፤ በኢትዮጵያ ምርጫም መረጡ። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ሳጥን ውስጥ አብረው መቀመጣቸው ማንንም ያስጨነቀ አይመስልም ነበር።

በግንቦት ወር 1990 ዓ.ም. በባድመ ምክንያት ጦርነት ተነሣ። በሰኔ ወር የማባረሩ ሥራ ተጀመረ። ሰዎች ሌሊት ከቤታቸው እየተጠሩ ወደ ማቆያ ተወሰዱ፤ ከዚያም በአውቶቡስ ወደ ድንበር ተጓዙ። ባል ሄዶ ሚስት ቀረች፤ ወላጆች ሄደው ልጆች ቀሩ። እስከ 1994 ዓ.ም. ድረስ የተባረሩት 75 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ የሰብአዊ መብት ተመልካቾች ገምተዋል። ከነዚህ ውስጥ በእርግጥ ለጸጥታ የሚያሰጉ ይኖሩ ይሆናል፤ በጦርነት ጊዜ መንግሥት ራሱን መጠበቁም የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህን የሚለየው የጸጥታ ሰዎች ጉባኤ እንጂ ፍርድ ቤት አልነበረም። ሰውየው «ዜግነቴ ይህ ነው» ብሎ በነጻ ዳኛ ፊት የሚከራከርበት መንገድ አልተከፈተለትም። በነሐሴ ወር 1991 ዓ.ም. ደግሞ በሕዝብ ውሳኔው የተሳተፉና በአገር ውስጥ የቀሩ ሰዎች እንደ ውጭ አገር ሰው እንዲመዘገቡ ታዘዘ፤ ለ6 ወር የሚያገለግል የመኖሪያ ፈቃድም ተሰጣቸው። በመታወቂያ «ኢትዮጵያዊ» የነበረው ሰው በየ6 ወሩ ቀለሙ በሚደርቅ ማኅተም የሚኖር ሆነ።

በድንበሩ ማዶም ነገሩ ይህንኑ ይመስል ነበር። በኤርትራ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ በአሰብ ወደብ የሠሩ፣ በአሥመራ በየቤቱ ያገለገሉ፣ ታስረው፣ ተደብድበውና ንብረታቸውን ትተው ወጥተዋል። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ የአንዱን እንባ ቈጥሬ የሌላውን መተው ይሆንብኛል።

በዚያን ጊዜ የጠበቆች ጠረጴዛ ምን ይመስል እንደ ነበረ የነገሩኝ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ አሉ። ቢሮአቸው ከእኛ ሰፈር ብዙ አይርቅም ነበር። ባለጉዳይ ሁሉ የሚመጣው ለአንድ ነገር ነበር፤ ለውክልና። የተያዘው ሰው ቤቱን፣ ሱቁን፣ መኪናውን የሚጠብቅለት ወኪል በጥቂት ሰዓት ውስጥ መሾም ነበረበት። ውክልና ደግሞ እንደ አደራ ቃል በጆሮ የሚነገር ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2205 እንደ ተጻፈው፣ ቤት ለመሸጥና ለመለወጥ በአጠቃላይ «ወክዬሃለሁ» ማለት አይበቃም፤ ልዩ የውክልና ሥልጣን ያስፈልጋል። በእስር ቤት በር ላይ ቸኵሎ የተፈረመ ወረቀት ይህችን አንዲት ቃል ከሳተ፣ ወኪሉ በሙሉ እምነት ቆሞ ምንም ሊያደርግ አይችልም። የስልኩና የአየሩ መስመር ተቋርጦአልና «እባክህ አስተካክለህ ላክልኝ» ማለትም አይቻልም።

ሽማግሌው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጠበቃ የሚፈራው የባላጋራውን ክርክር ይመስልሃል? አይደለም። ጠበቃ የሚፈራው የራሱን ባለጉዳይ ዝምታ ነው። ዳኛው ይጠይቀኛል፤ የምመልሰውን የሚያውቀው ሰው ግን ከመረብ ማዶ ነው።»

ያ ጸጥ ብሎ ተኝቶ የነበረው ቁጥር 390 በዚህ ጊዜ ተነሣ። ሰውየው የውጭ ሰው ከሆነ ቤት ሊኖረው አይችልም፤ ስለዚህ ይሽጥ። ነገር ግን ሕጉ ራሱ 6 ወር ሲሰጥ፣ ለተባረሩት የተሰጠው ጊዜ 1 ወር ብቻ ነበር። በ1 ወር ውስጥ በወኪል የሚሸጥ ቤት ምን ዋጋ እንደሚያወጣ ገበያ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ከተሸጠም በኋላ በአንዳንዶቹ ላይ በቦታ ግብር ስም ከሽያጩ ላይ መቶ በመቶ ተወሰደ። ባንክም ብድሩን ይጠይቃል፤ ገቢ ሰብሳቢውም ግብሩን ይጠይቃል፤ ተከፋዩ ግን ሱቁ ተዘግቶ ራሱ በሌላ አገር ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ሕጋዊ ሊመስል ይችላል፤ በአንድነት ሲታዩ ግን እንደ መረብ ሆነው አንድም ዓሣ አያሳልፉም ነበር።

ይህን የመረብ ነገር የተናገርሁት ከራሴ ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው የሰላም ስምምነት መሠረት፣ የሁለቱን መንግሥታት የካሣ ጥያቄ የሚሰማ ኮሚሽን በሔግ ከተማ ተቋቁሞ ነበር። ሊቀ መንበሩ ቤልጅጋዊው የሕግ ሊቅ ሐንስ ፋን ሁተ፣ ዳኞቹም 5 ነበሩ። ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. ስለ ሲቪል ሰዎች የሰጡትን ፍርድ የሕግ ትምህርት የሚወድድ ወጣት ሁሉ ቢያጠናው ደስ ይለኛል፤ ሚዛኑ ደቃቅ ነውና።

ዳኞቹ በመጀመሪያ በ1985 ዓ.ም. ለድምፅ የተመዘገቡት ሰዎች ኤርትራዊነትን አገኙ፤ ኢትዮጵያዊነታቸውም አልጠፋም፤ ስለዚህ የሁለት አገር ዜጎች ሆኑ አሉ። ቀጥለውም በጦርነት ጊዜ በጸጥታ ምርመራ ተለይተው የተባረሩትን ዜግነት መንፈጉ፣ ከባድ ቢሆንም፣ በዓለም ሕግ ዘንድ ያለ አግባብ አይደለም ብለው ፈረዱ። በዚህ ኢትዮጵያ ረታች። ነገር ግን ምርመራ ሳይደረግባቸው የአውራጃ ሹማምንት ያባረሩአቸው፣ በሦስተኛ አገር ሳሉ ዜግነታቸው የተነሣባቸው፣ በአገር ውስጥ በሰላም ተቀምጠው ሳለ የውጭ ሰው ናችሁ የተባሉት ሰዎች ጉዳይ ሕግን የጣሰ መሆኑን ወሰኑ። ስለ ንብረትም የ1 ወሩን ጊዜ፣ መቶ በመቶውን ግብርና የግብሩን አሰባሰብ ሕገ ወጥ አሉ፤ እንዲሁም አንዳንዱ ሕጋዊ፣ አንዳንዱ ሕገ ወጥ የሆነው እርምጃ ሁሉ ተጠላልፎ የሰዎቹን ንብረት ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው እንዳጠፋ ገለጹ። በዚያው ቀን ኤርትራም በኢትዮጵያውያን ላይ ስላደረሰችው በደል ተጠያቂ ሆነች። ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. የገንዘቡ መጠን ሲወሰን ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ 161 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተፈረደ፤ በተጨማሪም ስማቸው ለይቶ ለቀረበ ጥቂት ግለሰቦች 2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተወሰነ።

እዚህ ላይ ባለጉዳዩ የት ሄደ? ከሳሹ መንግሥት፣ ተከሳሹ መንግሥት፣ የተፈረደለትም መንግሥት ነው። ቤቱን ያጣው ሰው በዚያ ችሎት እንደ ማስረጃ ተጠቀሰ እንጂ እንደ ባለጉዳይ አልቆመም። የሽማግሌው ጠበቃ ፋይል ወደ ሔግ ሊሄድ አይችልም ነበር።

በአገራችንም ሕጉ መለወጡን አላቋረጠም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ በሚለው መታወቂያ፣ ቤት የማፍራትና ያለ ቪዛ የመግባት መብት ሰጠ፤ ሲወጣ ግን ኢትዮጵያዊነትን ትተው ኤርትራዊነትን የያዙትን በስም ለይቶ አስወጥቶአል። ታኅሣሥ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. አዲሱ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ጸንቶ የ1922ቱን ሕግ ተካ። ወዲያው በጥር ወር በወጣ መመሪያ፣ ኤርትራ ነጻ ስትወጣ ጀምሮ በኢትዮጵያ የኖረና የኤርትራን ዜግነት ያልመረጠ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደ ጠበቀ ይቈጠራል ተባለ። በዚህ መመሪያ ብዙ ሰው ዳግመኛ ዜጋ ሆነ። ጠበቆችም ከ6 ዓመት በፊት ያልነበራቸውን ነገር አገኙ፤ ይኸውም በእጅ የሚያዝና «በዚህ መሠረት» ተብሎ የሚጠቀስ ጽሑፍ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ በብዙዎች የተመሰገነ ነበር፤ ነገር ግን ዓመት ሳይሞላው በጥር 2012 ዓ.ም. ቀድሞ ኤርትራዊ በመሆኑ ብቻ በጅምላ ተቀባይነት ያገኝ የነበረ ስደተኛ እየተለየ እንዲመረመር ተደረገ። በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ሰው ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር አምጥቶ ቤት እንዲገዛ የሚፈቅድ አዋጅ አጸደቀ። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው በር በዚህ ተከፈተ።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይምሰልህ። ጥር 19 ቀን 2009 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የሶማሊያና የሱዳን ሰዎች ያሉበትን የሰባት አገሮች ሕዝብ የሚከለክል ትእዛዝ በፈረመ ጊዜ፣ ትእዛዙ ሲፈረም በሰማይ ላይ በአውሮፕላን ይበሩ የነበሩ ሰዎች ሲወርዱ ተያዙ። ጠበቆች በአየር ማረፊያው ወለል ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ላላዩአቸው ሰዎች ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ባለጉዳዩ ከአንድ በር ማዶ፣ ጠበቃው ከወዲህ ነው። የእኛ ሽማግሌ ይህን በዜና ባዩ ጊዜ «እነዚያስ በሩ አጠገብ ደርሰዋል» ብለው ዝም አሉ።

እኒህ ሰው ዛሬ ሥራ ትተዋል። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከ20 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ በረረ። ከዚያ ጥቂት ወር ቈይቶ አንዲት ወጣት ወደ ቤታቸው መጣች፤ የአንድ የቀድሞ ባለጉዳይ ልጅ ናት። አባትዋ ሞቶአል። «ጋሼ፣ አባቴ ወረቀቶቹ እርስዎ ዘንድ ናቸው ይል ነበር» አለቻቸው። ፋይሉ ነበረ። በውስጡም የባለቤትነት ደብተሩ ግልባጭ፣ ልዩ የሚለው ቃል የጎደለው ውክልናና የግብር ደረሰኝ ነበሩ። ቤቱ ከተሸጠ 19 ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያም ወዲህ ሦስት ጊዜ ባለቤት ለውጦአል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው የፍትሐ ብሔር ሕጉን አወጡ፤ ቁጥር 1845ን፣ ስለ 10 ዓመቱ ይርጋ የሚናገረውን፣ ቀስ ብለው አነበቡላት። የሔጉ ፍርድ ለመንግሥታት እንጂ ለሰው በስሙ እንዳልሆነም አስረዱአት። ልጅቱ አላለቀሰችም። «እንግዲያው አባቴ በዚህ ቤት እንደ ኖረ የሚጻፍበት ቦታ የለም ወይ?» ብላ ጠየቀች።

ሽማግሌው ለዚህ ጥያቄ በሕጉ ውስጥ ቁጥር አላገኙለትም። ወረቀት አምጪልኝ ብለው ሁለት ገጽ ማመልከቻ በእጃቸው ጻፉላት፤ እኔም ገለበጥሁት። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቀርቦ፣ በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት ገብቶአል።